ጨጓራ ነው የተባለው ልብ ሲሆን፡ የተሳሳተ ምርመራ መቼ ነው የሐኪም ጥፋት የሚባለው?

አክስቴ ከሃርት አታኩ ከተረፉ በኋላ ቤተሰባችን ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ ወንድሜና የአክስቴ የመጀመሪያ ልጅ "ይከሰስ!" አሉ፣ እናቴና ሌሎቹ ደግሞ "ዶክተርም እኮ ሰው ነው፣ ተርፈዋል አይደል እንዴ፣ በቃ ተዉት" እያሉ ነገሩን ለማብረድ ሞከሩ። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዶክተሩ ጨጓራ ነው አለ፣ በሽታው ግን ልብ ነበር። ለወንድሜ ይሄ ብቻውን ማስረጃ ነው። ለእናቴ ደግሞ ይሄ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እኔ መሀል ላይ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ክርክሩን የሚዘጋ ነገር ፍለጋ ነበር፣ ከዛ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ማንበብ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ። እና ካነበብኩት ሁሉ መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ እኛ ቤት ሲያጨቃጭቅ የነበረው ጥያቄ ፍርድ ቤት ብዙም ግድ የማይሰጠው ጥያቄ መሆኑ ነው። የበሽታው ስም ትክክል ሆነ አልሆነ መጀመሪያ የሚታየው ነገር አይደለም። የሚታየው ዶክተሩ እዛ ስም ላይ እንዴት እንደደረሰ ነው።

ይሄ ሀሳብ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ 1957 እንግሊዝ መሄድ አለብን (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቦላም የሚባል ሰው ለአእምሮ ሕመም በኤሌክትሪክ ሲታከም ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አልተሰጠውም፣ በደንብም አልተያዘም፣ ሰውነቱ ሲንፈራገጥ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረና ሆስፒታሉን ከሰሰ። ችግሩ በጊዜው ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አይስማሙም ነበር፣ ግማሹ መድኃኒቱ ይሰጥ ይላል፣ ግማሹ መድኃኒቱ ራሱ አደጋ አለው ይላል። ዳኛው ለጁሪው (ጉዳዩን ለሚፈርዱት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) የነገረው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሙያው ብቃት ያላቸው የሆኑ ሐኪሞች ትክክል ነው ብለው የሚቀበሉት አሠራር ከሆነ፣ ሌሎች ሐኪሞች ባይስማሙም እንኳ፣ ቸልተኛ አይባልም። ቦላም ተረታ። ከዛ በኋላ እንግሊዝ ውስጥና የእንግሊዝን ሕግ የሚከተሉ ብዙ አገሮች ላይ ይሄ ሚዛን ለአስርት ዓመታት ሲሠራበት ቆየ።

በምርመራ ጉዳይ ላይ ደግሞ ይበልጥ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ሜይናርድ የሚባለው የ1984 ኬዝ ነው። ሴትዮዋ የደረት ሕመም አለባት፣ ሐኪሞቹ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፣ ግን የሊምፍ ካንሰርም ሊሆን ይችላል ብለው ሰጉ። የአክታው ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ እነሱ ግን አልጠበቁም፣ ደረቷ ውስጥ ገብተው ናሙና ወሰዱ፣ በዚህ መሀል የድምፅ ነርቭ ተጎዳ። በመጨረሻ ቲቢ ነበር። በመጀመሪያ ያየው ዳኛ "መጠበቅ ነበረባቸው" ከሚለው ኤክስፐርት ጋር ተስማምቶ ፈርዶላት ነበር፣ የበላዩ ፍርድ ቤት ግን ሻረው፣ ምክንያቱም ዳኛ ከሁለት የተከበሩ የሙያ አስተያየቶች አንዱን ስለወደደ ብቻ ሌላውን ጥፋት ነው ሊል አይችልም። ወንድሜ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ሐኪም ለሐኪም እየመሰከረ መቼ ነው የሚረቱት?" አለኝ፣ እና እውነቱን ነው፣ ይሄ ጥያቄ የሱ ብቻ አልነበረም። በ1997 ቦሊቶ በሚባለው ኬዝ ላይ የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኞች ራሳቸው በሩን ትንሽ ገርበብ አደረጉት፦ ኤክስፐርት ስለመሰከረ ብቻ አይበቃም፣ አስተያየቱ በአመክንዮ የሚቆም መሆን አለበት አሉ። አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ደግሞ በ1974 ከዚህም አልፎ ሄዷል። አንዲት ሴት ለዓመታት ዓይን ሐኪም ጋ ስትመላለስ ኮንታክት ሌንሱ ነው የሚያስቸግርሽ ስትባል ቆይታ በ32 ዓመቷ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታን የሚያጠፋ በሽታ) መሆኑ ታወቀ፣ ግን እይታዋ አብዛኛው ሄዷል። የሁለቱም ወገን ኤክስፐርቶች "ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው የዓይን ግፊት መለካት በሙያው የተለመደ አይደለም" ብለው መሰከሩ። ዳኞቹ ግን፣ ምርመራው ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ የሚያድነው ደግሞ ዓይን ነው፣ ሙያው በሙሉ ባያደርገውም ማድረግ ነበረበት ብለው ፈረዱላት። ይሄ ውሳኔ ብዙ ተተችቷል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሁለት ጊዜ ነው የታዩት፣ በሁለት የተለያዩ ሐኪሞች። በመጀመሪያው ቀን ከእምብርታቸው በላይ ያቃጥላቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ትንሽ አልቧቸዋል። ዶክተሯ (ሴት ነበረች) በደንብ ጠይቃቸዋለች፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) አስነስታለች፣ ኢሲጂው ደህና ነው፣ ለጨጓራ የሚሰጠውን ሽሮፕ ሲጠጡ ቀለላቸው፣ ጨጓራ ነው ተብለው መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት። "ካልተሻለዎት ይምጡ" ተብለዋል፣ ካርዱ ላይም ተጽፏል።

አልተሻላቸውም፣ ተመልሰው ሄዱ። አሁን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋቸው ይወጣል። የተቀበለቻቸው ነርስ ይሄን ሁሉ ጽፋዋለች። ሁለተኛው ዶክተር ግን ካርዱን ገለጥ አድርጎ ከላይ "ጨጓራ" የሚለውን አየ፣ "ኢሲጂም ተነስተዋል፣ ደህና ነው" አለ፣ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረላቸው፣ አበቃ። ኢሲጂ አልተደገመም። ደም አልተወሰደም። ካርዱ ላይ ያሰፈረው "ሕክምናውን ይቀጥሉ" የምትል አንድ መስመር ናት። ከዛ ብዙም ሳይቆዩ ወደቁ።

እንግዲህ የኔ አቋም፣ ወንድሜም እናቴም የማይወዱት አቋም፣ የመጀመሪያዋ ዶክተር ተሳስታለች ግን አላጠፋችም፣ ሁለተኛው ግን አጥፍቷል የሚል ነው። ሁለቱም ያሉት የበሽታ ስም አንድ ነው፣ ስህተቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ስሙ ላይ አይደለም።

ለምን እንደዛ እንደምል ትንሽ ልዘርዝረው ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኢሲጂ የሚያሳየው የተነሳበትን ደቂቃ ነው። ሃርት አታክ ሊመጣ እያስፈራራ ያለ ሰው፣ አንዳንዴም ጀምሮት ያለ ሰው፣ ኢሲጂው ደህና ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው ጥርጣሬ ካለ የሚደገመው። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚወጣን ፕሮቲን ነው የሚለካው፣ ከፍ ለማለት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ እሱም ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። የጨጓራ ሽሮፕ ሲጠጡ መቅለሉ ደግሞ ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም፣ ይሄን የሐኪም ተማሪ ሁሉ ይማረዋል፣ ግን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሚሸወድበት ነገር ነው። በሴቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ሕመሙ "ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጫነብኝ" በሚለው መልኩ ላይመጣ ይችላል፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋ ሕመም ሆኖ ይመጣል። በ2000 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ 10 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ላይ የተሠራ፣ በትክክል ሃርት አታክ ከነበረባቸው 889 ሰዎች 19ኙ ወደ ቤት ተልከው ነበር፣ ወደ 2 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩን ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። እናቴ "አየህ፣ በደንብ የተደራጀ ቦታም ይከሰታል" አለችኝ። ወንድሜ "አየህ፣ 98 በመቶው ይገኛል ማለት ነው እኮ" አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ለዛ ነው ቁጥር ብቻውን ማንንም የማይፈርደው።

እና የመጀመሪያዋ ዶክተር ደም ማስመርመር ነበረባት ወይ? ብትልካቸው ጥሩ ነበር። ሌላ ዶክተር ያስመረምር ነበር ወይ? ምናልባት ብዙዎቹ። ግን ልብን አስባዋለች፣ ኢሲጂ ያስነሳችው ለዛ ነው፣ ያገኘችው ነገር ሀሳቧን ደግፎላታል፣ ተመልሰው እንዲመጡ ነግራለች። እሷ አንድ መንገድ ሄዳለች፣ መንገዱ ይታያል፣ ሌላ ጠንቃቃ ሐኪምም ሊሄድበት የሚችል መንገድ ነው። ፍርድ ቤት ብትቆም የሚከላከልላት ኤክስፐርት አታጣም ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሁላችንም የምንወድቅበት ወጥመድ አለ። በሽታው ከታወቀ በኋላ ወደኋላ ስታይ ሁሉም ነገር የተጻፈ ይመስላል፣ ላቡ፣ ማቅለሽለሹ፣ ዕድሜያቸው፣ "እንዴት አይታያትም?" ትላለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ሰዎች ይሄን ከ1975 ጀምሮ በሙከራ ሲያሳዩ ኖረዋል፣ ውጤቱን የነገርከው ሰው "ይሄማ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር" ይላል፣ ያልነገርከው ሰው ግን አያየውም። በራዲዮሎጂስቶች (ኤክስሬይና ስካን በሚያነቡ ሐኪሞች) ላይ በ2013 የተሠራ አንድ ሙከራ አለ፣ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። 24 ልምድ ያላቸው ራዲዮሎጂስቶች የሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ካንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ትንንሽ እባጮች እንዲፈልጉ ተሰጣቸው፣ ምስሉ ውስጥ ደግሞ አጥኚዎቹ የጎሪላ ስዕል ከተቱበት፣ ከአንድ እባጭ በአማካይ 48 ጊዜ የሚበልጥ ጎሪላ። 20ዎቹ አላዩትም! የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ደግሞ ካላዩት አብዛኞቹ በቀጥታ ጎሪላው ላይ አፍጥጠው ነበር። እንግዲህ ያንን ፊልም ፍርድ ቤት ወስደህ ጎሪላውን በቀይ ክብ አድርገህ ለዳኛ ብታሳየው፣ ዳኛው ምን ይላል? ለዚህ ነው ጥሩ ኤክስፐርት ፋይሉን ሲያነብ መጨረሻውን ሳያይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቢያነብ የሚመረጠው።

አሁን ሁለተኛው ዶክተር። እሱን ይሄ ሁሉ አያድነውም፣ ምክንያቱም እሱ ሳያይ አይደለም የቀረው፣ ሳይፈልግ ነው የቀረው። በሽተኛ ተመልሶ ሲመጣ ያ መመለሱ ራሱ አዲስ መረጃ ነው፣ "የሰጠነው ስም አልሠራም" ማለት ነው። የመጀመሪያው ሐኪም የጻፈው ስም ካርድ ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን እግር ያወጣል፣ ከጥርጣሬ ተነስቶ ውሳኔ ይሆናል፣ ሁለተኛው ከሱ ይጀምራል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ምርመራ እንዴት እንደሚሳሳት የሚያጠኑ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ይሄ ነው፣ መጀመሪያ በመጣው ሀሳብ ላይ ተቸክሎ መቅረትና ፍለጋውን ቶሎ መዝጋት። ሰው ስለሆንን ሁላችንም እንደዛ ነን። ግን የሕክምና ሥልጠና ያለው እኮ ይሄን ለመቋቋም ነው፣ "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከነዚህ ውስጥ ቶሎ የሚገድለው የትኛው ነው?" የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ባይሆንም የመጨረሻ ዓመት ትምህርትም አይደለም። ሁለት አዲስ ምልክት ነርሷ ጽፋለታለች። አላነበበውም። "ሥራ በዝቶብኝ ነበር" የሚለው መልስ ደግሞ እንደ ሰው ያሳዝነኛል፣ እንደ መከላከያ ግን ደካማ ነው። "ገና ጀማሪ ነኝ" የሚለውም እንደዛው፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1986 ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ኬዝ ላይ ልምድ ማነስ ሰበብ እንደማይሆን ተናግሯል፣ የሚለካው የተቀመጥክበት ወንበር በሚጠይቀው ደረጃ ነው፣ ጀማሪው ማድረግ ያለበት የሚያውቅ ሰው መጥራት ነው።

ስለዚህ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ይመስሉኛል፦ ጠየቀ ወይ? ነካ ወይ? የተጻፈውን አነበበ ወይ? አደገኛውን አስቦ በምክንያት ነው የተወው ወይስ ጭራሽ አላሰበውም? በራሱ አቅም የማይቻል ከሆነ ሪፈር ጻፈ ወይ? አንድ ነገር ልጨምር፣ ውጤቱ መጥቶ ማንም ሳያነበው ፋይል ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነስ? የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2015 ባወጡት ትልቅ ሪፖርት ላይ የምርመራ ስህተትን ሲተረጉሙት በሽታውን በትክክልና በጊዜው አለማወቅ ብቻ አይደለም ያሉት፣ ለበሽተኛው አለመንገርም ስህተት ነው አሉ። አብዛኞቻችን በሕይወታችን ቢያንስ አንዴ የምርመራ ስህተት እንደሚገጥመንም እዛው ሪፖርት ላይ አለ። ላብራቶሪው በትክክል አግኝቶት፣ ወረቀቱ መጥቶ፣ ሰውየው ግን ሳይሰማ ወራት ካለፉ፣ ይሄ ከማንኛውም የተሳሳተ ግምት የበለጠ ለመከላከል የሚከብድ ነገር ነው፣ ምክንያቱም "ሌላ ሐኪምም እንደዛ ያደርግ ነበር" የሚል ኤክስፐርት ከየት ይመጣል?

ጠበቃ ያማከርን ቀን ወንድሜ በደስታ ነበር የሄደው፣ ፋይሉ በእጁ፣ የነርሷ ጽሑፍ በቀይ ተሰምሮበት። ጠበቃው አንብቦ "ጥፋቱ ይታየኛል" አለ፣ ወንድሜ ፊቱ በራ። "ግን" አለ ጠበቃው፣ "በዛ ቀን ቢያገኘው ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?" ዝም አልን። ብዙ ኬዝ የሚሞተው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ይሄን ጥያቄ ከሁሉ በላይ በጭካኔ የሚያሳየው ባርኔት የሚባለው የለንደን ኬዝ ነው። በ1966 የመጀመሪያ ቀን ላይ ሦስት የሌሊት ዘበኞች ሻይ ጠጥተው ማስመለስ ያዛቸው፣ ሆስፒታል ሄዱ፣ ነርሷ ለዶክተሩ በስልክ ነገረችው፣ እሱ ራሱ ታሞ ነበር፣ ሳያያቸው "ወደ ቤታቸው ይሂዱና የራሳቸውን ሐኪም ይጥሩ" አለ። አንደኛው በዛው ቀን ሞተ። ሻይው ውስጥ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ዶክተሩ ግዴታውን አልተወጣም፣ ማየት ነበረበት አለ። የከሰሰችው ሚስቱ ግን ተረታች። ለምን? ቢያየውም፣ ቢያስተኛውም፣ ምርመራው ውጤት ሰጥቶ ማርከሻው እስኪደርስ ሰውየው መሞቱ አይቀርም ነበር። ጥፋት አለ፣ ሞት አለ፣ የሚያገናኛቸው ግን የለም።

ከዛ የሚብሱት መሀል ላይ ያሉት ናቸው። በ1977 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወድቆ ዳሌው ላይ የደረሰው ስብራት ሆስፒታል ሳይታወቅ 5 ቀን ቆየ፣ በኋላ አጥንቱ ሞተና ለዕድሜ ልክ ጉዳት ተረፈው። በጊዜው ቢገኝም 75 በመቶ እዛው ይደርስ ነበር ተባለ፣ ማለትም የጠፋበት 25 በመቶ ዕድል ነው። የመጀመሪያው ዳኛ የካሳውን 25 በመቶ ፈረደለት፣ ለኔ ይሄ የሚያሳምን ሒሳብ ነው። በ1987 የበላዩ ፍርድ ቤት ሰረዘው፣ ከ50 በመቶ በላይ ካላሳየህ ምንም የለህም አለ። በ2005 ደግሞ ግሬግ የሚባለው ሰው መጣ፣ ብብቱ ስር እብጠት ነበረው፣ ሐኪሙ የስብ ክምችት ነው አለው፣ የሊምፍ ካንሰር ነበር፣ 9 ወር ተላለፈ፣ 10 ዓመት የመኖር ዕድሉ ከ42 ወደ 25 በመቶ ወረደ። ዳኞቹ 3 ለ 2 ተከፍለው ፈረዱበት። እስቲ አስቡት፣ 42 በመቶ ዕድል ያለው ሰው ከመጀመሪያው "ከግማሽ በታች" ስለሆነ ሐኪሙ የፈለገውን ያህል ቢያጠፋበት በሕግ ዓይን ያጣው ነገር የለም፣ 51 በመቶ ያለው ግን ሙሉ ካሳ ያገኛል። በሽታው የከፋበት ሰው መብቱ ያነሰ ነው እንደማለት እኮ ነው! ይሄን ብዙ የሕግ ሰዎችም አይወዱትም። ማሳቹሴትስ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት በ2008 ፍርድ ቤቱ ሌላ መንገድ ሄደ፣ አንድ ሰው ለዓመታት ቃር እያለ ሲያማርር ቆይቶ የጨጓራ ካንሰር ነበር፣ በጊዜው ቢገኝ የመትረፍ ዕድሉ 37.5 በመቶ ነበር ተባለ፣ እዛ ግን የጠፋው ዕድል ራሱ ጉዳት ነው፣ በመጠኑ ይካስ ተባለ። እኔ ከማሳቹሴትስ ጋር ነኝ።

የአክስቴ ነገር እዚህ መሀል ላይ ነው የሚወድቀው። አሁን ልባቸው ከቀድሞው ባነሰ አቅም ነው የሚሠራው፣ ልባቸው ሳይጎዳ በፊት ቢገኝ ቧንቧው ተከፍቶ ይህ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር፣ ግን በዛ ሁለተኛ ቀን ጉዳቱ ምን ያህል ደርሶ ነበር የሚለውን የሚነግረን ያ ያልተወሰደው ደም ነው። ይሄ ያናድደኛል፣ ምርመራውን ያላዘዘው ሰው ማስረጃውም እንዳይኖር ያደረገው እሱ ነው። አንዳንድ አገሮች ላይ ዳኞች እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬውን ወደ ሐኪሙ ያዞሩታል፣ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ጥፋት ተፈጽሞ ምንም ጉዳት የማይደርስበት ብዙ ነው፣ ማንም አይሰማውም።

ሰው የሚከሰውና የተበደለው አንድ አለመሆናቸው ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ከ30,000 በላይ በሽተኞችን ፋይል አስመርምሮ በ1991 ባወጣው ጥናት፣ በሕክምና ምክንያት ጉዳት የደረሰባቸው 3.7 በመቶ ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ ከሩብ ትንሽ በሚበልጡት ላይ ቸልተኝነት ነበረ። ግን በቸልተኝነት ከተጎዱት ክስ ያቀረቡት ከ2 በመቶ በታች ናቸው፣ ከቀረቡት ክሶች ደግሞ አብዛኞቹ ላይ መርማሪዎቹ ቸልተኝነት አላገኙም። የተበደለው ዝም ብሎ የሚከሰው ሌላ ነው ማለት ነው። ለምን ይከሳሉ የሚለውን በ1994 እንግሊዝ ውስጥ 227 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት አለ፣ ካሳ አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም፣ ማብራሪያ መፈለግ፣ በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም፣ ሐኪሙ ወይም ተቋሙ ኃላፊነቱን እንዲወስድ። ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ ካሳውን ከጥፋቱ ለይታዋለች፣ የተጎዳ ሰው ሐኪሙ አጥፍቷል ብሎ ሳያሳይ ከሕዝብ ፈንድ ይካሳል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲያገኙ ራሳቸው ቀድመው እየተናገሩ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ ካሳ እያቀረቡ መሥራት ጀመሩ፣ ሕዝቡ በብዛት ይከሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፣ ክሱ ግን ቀነሰ።

አክስቴም የፈለጉት ይሄንኑ ነበር፣ ወንድሜ ግን አልሰማቸውም ነበር። "ገንዘቡን ተዉት፣ ያን ልጅ አገናኙኝ" አሉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ስብሰባ ተደረገ፣ ሁለተኛው ዶክተር መጣ፣ ከአለቃው ጋር። አክስቴ አልተቆጡም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፣ "ልጄ፣ ነርሷ የጻፈችውን አንብበኸው ነበር?" አለቃው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፣ ልጁ ቀድሞ "አላነበብኩትም እማማ፣ ማንበብ ነበረብኝ" አለ። ከዛ በኋላ ተመልሶ የመጣ በሽተኛ ሁሉ የነርስ ጽሑፍ ላይ ሳይፈረም እንዳይወጣ አዲስ አሠራር እንዳወጡ ነገሩን፣ የመድኃኒቱን ወጪም ሸፈኑ። አክስቴ በቃኝ አሉ። ወንድሜ እስካሁን አልበቃውም፣ "ሥራ የሠሩት እኮ እኛ ስለጮህን ነው" ይላል፣ ይሄንንም ልክ አይደለም ማለት አልችልም።

በየጊዜው "እኛም እንዲህ ሆነናል፣ ምን እናድርግ" የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ፣ ጠበቃ ባልሆንም የማውቀውን ልንገራችሁ። ከንዴቱ በፊት ፋይሉን ውሰዱ፣ ሙሉውን፣ የሐኪሙን ገጽ ብቻ ሳይሆን የነርሶቹን ጽሑፍ፣ የላብራቶሪ ወረቀቶቹን ከነሰዓታቸው፣ የኢሲጂውን ወረቀት ራሱን፣ ኤክስሬይ ወይም ስካን ካለ ንባቡን ብቻ ሳይሆን ምስሉን። ብዙ አገሮች ላይ የራስን ፋይል ኮፒ ማግኘት መብት ነው። የምታስታውሱትን ሳትረሱ በቀን በቀን ጻፉት፣ ምን አላችሁት፣ ምን አላችሁ። ከዛ መጀመሪያ የምታሳዩት ሰው ጠበቃ ሳይሆን ከዛ ተቋም ጋር ግንኙነት የሌለው የዛው ሙያ ሐኪም ይሁን፣ መጨረሻውን ሳትነግሩት እንዲያነበው ጠይቁት። እና አትዘግዩ፣ ብዙ አገሮች ላይ ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ አለ፣ አንዳንዱ ሕግ የሚቆጥረው ስህተቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን፣ ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ አቆጣጠር ሊኖር ይችላል። የተሳሳተ ምርመራ ደግሞ በባሕርዩ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ቆጠራው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት ጠይቁ።